ዴልማና የማትነካው ዘንግ

ዴልማ አሸዋ ላይ መሪ የጨበጠችው ባሏ ሌስ ከሞተ በኋላ ነው። መንጃ ፈቃድ ስላልነበራት አይደለም፤ ልጆቿን ትምህርት ቤት፣ አማቷን ሐኪም ቤት ስታመላልስ የኖረች ሴት ናት። ሃርፐር ዳርቻ ላይ ግን፣ መረብ በሚጎተትበት አሸዋ ላይ፣ መኪናው የሌስ ብቻ ነበር። እጇ ወደ መሪው በኩል ወዳለው በር በሄደ ቁጥር "ተይው አንቺ፤ አሸዋ ሌላ ነው" ይላታል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አሸዋ ሌላ ነው እያላት፣ ምኑ ሌላ እንደሆነ ሳይነግራት፣ አንድ ቀን ጓሮ ተቀምጦ መረብ ሲጠግን ልቡ ቀጥ አለችና ሞተ። ደግ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማርና። ደግ ሰውም እንዲህ ያደርጋል።

የሃርፐር ሰዎች ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የኖሩት ሙሌት በሚባል ዓሣ ነው። ከፋሲካ በኋላ ብርዱ ሲጀምር፣ የምዕራብ ነፋስ በነፈሰ ማግስት፣ ዓሣው ከየወንዙ አፍ ወጥቶ በመንጋ በመንጋ እየሆነ ዳር ዳሩን ወደ ሰሜን ይጓዛል። እስኪመጣ ድረስ ሥራው መጠበቅ ነው። ከመኪኖቻቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው ከፔርሙዝ ሻይ እየቀዱ፣ በሊጥ የተጠቀለለ ስጋ እየበሉ፣ የቀረውን ሰው ሲያሙ ይውላሉ። አጎቴ ሜርቭ ደግሞ ወደ ባሕሩ በገባው ቋጥኝ ላይ ቆሞ ውሃውን ያያል። አጎትነቱ ለማን እንደሆነ ማንም አያስታውስም፤ ሁሉም አጎቴ ይለዋል። ሰማንያ ሊደፍን ነው፤ ቤቱ ውስጥ መነጽሩን ፈልጎ አያገኝም፣ ዓሣ ግን ከወዲያ ማዶ ይለያል።

እሱ ባርኔጣውን ሲያውለበልብ ጀልባዋ ትገባለች፣ መረቡን በዓሣው ዙሪያ ትዘረጋለች። የመረቡ ሁለት ጫፎች በገመድ ወደ ዳር ይወጣሉ፤ ሁለት መኪኖች አንዱ በሰሜን አንዱ በደቡብ ሆነው ገመዳቸውን እየጎተቱ አሸዋውን ወደ ላይ ይወጣሉ። እኩል መሳብ አለባቸው። አንዱ ከቆመ መረቡ ይጣመማል፣ ዓሣው በላላው በኩል ሾልኮ ይወጣል፣ ያ ሁሉ ጥበቃ ውሃ በላው ማለት ነው።

የቡድኑ አለቃ ክላይቭ የሌስ ታላቅ ወንድም ነው። ቀብሩ ካለፈ በኋላ ዴልማ ቤቱ ድረስ ሄዳ "የደቡቡን ጫፍ እኔ እጎትታለሁ" ስትለው፣ ሐዘንተኛ ፊት እምቢ ማለት ከበደው። የሌስን መኪና ጨው በልቶት ወለሉ ተበስቶ ስለነበር ሌላ ገዛች፤ አሮጌ ነው፣ ግን የሌስ ዓይነት አይደለም። የሌስ መኪና የፊት እግሩ ወደ ሥራ እንዲገባ ሰው ወርዶ ጎማው መሐል ያለውን መቆለፊያ ማዞር፣ ከዚያ ዘንግ መሳብ ነበረበት። ይኼኛው ግን አራቱም ጎማ ሁልጊዜ ይሠራል።

"ይኼንንማ ሕፃንም ይነዳዋል" አለ ክላይቭ ጭንቅላቱን በመስኮት አስገብቶ እያየ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። ከማርሹ ጎን አንዲት ትንሽ ዘንግ ነበረች። "ይቺን አየሻት? እንዳትነኪያት። ብትሞቺ እንዳትነኪያት።"

ይኼ የሃርፐር ሕግ ነው። ከዓመታት በፊት ክላይቭ ራሱ እንዲህ ያለ መኪና ነበረው። ዘንጓን እንደቆለፈ፣ ዓሣውን ጭኖ፣ ጠመዝማዛውን አስፋልት ይዞ ወደ ከተማ ሲወርድ ካምቢዮው ጓ ብሎ ተሰበረ። ዓሣው መንገድ ላይ ፀሐይ መታው፤ ሽታውን እስከ ዛሬ የሚያወሩ አሉ። ከዚያ ወዲህ በሃርፐር ያቺን ዘንግ የሚነካ ጠፋ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ማለት ይኼ ነው። ለምን ተሰበረ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም፤ ሁሉም "ዘንጓ ናት" አለና ሻዩን ቀዳ።

የዚያ ዓመት የመጀመሪያው መንጋ ሲመጣ ዴልማ ገመዷን ከመኪናዋ ኋላ መንጠቆ አስገብታ ተነሣች። ትንሽ እንደሄደች፣ ገመዱ ውጥር ሲል፣ የፊት ግራ ጎማዋ መሽከርከር ጀመረ። ነዳጅ ጨመረች፤ ባሰበት። አሸዋውን ቆፍሮ ቆፍሮ መኪናው በሆዱ ተኛ። በሰሜን በኩል የክላይቭ ልጅ ዋረን እየጎተተ ነው፣ እሷ ቆማለች፤ መረቡ ተጣመመና ዓሣው ዓይናቸው እያየ ወደ ባሕሩ ተመለሰ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገራትም። ሁሉም ባዶ መረብ ሲያጥፍ ስታይ መሬት ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች።

ሲጨርሱ ክላይቭ መጣ። "ዴልማ እህቴ፣ እንዳትቀየሚኝ።"

"ጀመርክ ደግሞ።"

"ሌላ ጊዜም ከቆምሽ በአንቺ ቦታ የዋረን ባልንጀራ ትራክተሩን ያመጣል። ሃያ ሰው ነው አፉን ከፍቶ ይኼን ዓሣ የሚጠብቀው። አንቺም ደክሞሻል፤ ቤትሽ አረፍ በይ።"

አረፍ በይ! ቤቷ ውስጥ ምን አለና ነው የምታርፈው? አንዱ ልጇ ሲድኒ፣ አንዷ ፐርዝ ናቸው፤ በስልክ "ደህና ነሽ?" ይሏታል፣ "ደህና ነኝ" ትላለች፣ አለቀ። ዳርቻው ላይ ግን የሚሰድባት፣ የሚያስቃት፣ ሻይ የምትቀዳለት ሰው አለ። ከመረብ ዓሣ እየለቀመች ነው ያገባችው፣ ዓሣ እየለቀመች ነው ያረገዘችው። ከዚያ ከወጣች ማን እንደምትሆን አታውቅም። ያን ዕለት ሳህን እያጠበች ለብቻዋ "አረፍ በይ ማለት ሙቺ ማለት ነው" አለች፣ ጮክ ብላ።

በማግስቱ ነፋሱ ስለተለወጠ ዓሣ አይጠበቅም ነበር። አጎቴ ሜርቭ ሻይ ሊጠጣ ከቋጥኙ ወርዶ ሲመጣ ዴልማ መኪናዋን ልስልሱ አሸዋ ላይ አቁማ ጠበቀችው።

"አጎቴ፣ አንድ ነገር እይልኝ። ነዳጁን ስረግጥ የትኛው ጎማ ነው የሚዞረው?"

"ጎማ አይደል? ሁሉም ነዋ።"

"አጎቴ!"

"እሺ እሺ፣ አትጩኺብኝ፤ ሻዬን ላስቀምጥ።"

ረገጠችው። አሸዋው ተረጨ፣ መኪናው ንቅንቅ አላለም። ሽማግሌው አጎንብሶ አንዱን ጎን አየ፣ ዞሮ ሌላውን አየ፣ ከዚያ መሳቅ ጀመረ።

"የፊት ግራው ብቻ ነው። ሦስቱ ቆመው ያዩታል።"

"እንዴ! አራቱም ሁልጊዜ ይሠራሉ አላሉኝም?"

"የማዘጋጃ ቤቱን መንገድ ሠሪዎች አላየሽም? አራቱም ሥራ ላይ ናቸው። ሦስቱ ይቆማሉ፣ አንዱ ጉድጓድ ይቆፍራል።"

ዴልማም ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሐል ላይ ቆመ። ኃይሉ ሁሉ ወደሚቀለው ቦታ ነው የሚሄደው ማለት ነው። አንዱ ጎማ መያዣ ካጣ፣ ሞተሩ ጉልበቱን ሁሉ እዚያ ያፈስሳል፣ የቀሩት ጉልበት አያገኙም። እና ማን ነው እንዲህ ያለ ሞኝ መኪና የሠራው? ይኼን ጥያቄ ይዛ መኪናውን በአካፋ አወጣችና ውሃው ገና ወደለቀቀው ጠጣር አሸዋ ወረደች፤ መሪዋን ጠምዝዛ አንድ ዙር ዞረች። ወርዳ የጎማዎቹን ዱካ አየች። የፊቶቹ ዱካ በውጭ በኩል ሰፊ ክብ ሠርቷል፤ የኋላዎቹ ከውስጥ፣ በጠባቡ ዞረዋል። ፊቱና ኋላው እኩል መንገድ አልሄዱም።

"አጎቴ ና እይ! ሲታጠፍ ፊቱ ብዙ ይሄዳል፣ ኋላው ትንሽ ይሄዳል። መሐላቸው ያለው ነገር እየለቀቀላቸው ነው፣ አንዱ ሌላውን እንዳይጎትት።"

"ታዲያ ዘንጓ?"

"ዘንጓ መሐሉን ትቆልፈዋለች። ፊትና ኋላ እኩል እንዲዞሩ ታስራቸዋለች።" አፏን በእጇ ያዘች። "ወይ ጉድ! አስፋልት ላይ እኮ ነው የሰበረው! ታስረው ሲታጠፉ አንዱ ጎማ መንሸራተት አለበት። አሸዋ ይሸሻል፤ አስፋልት አይሸሽም። መሄጃ ሲያጣ ካምቢዮውን በላው!"

ለካ አሸዋ ሌላ የሆነው በዚህ ነው። ሌስ ያውቅ ነበር ወይስ እሱም ሲባል ሰምቶ ነው ይል የነበረው? አሁን ማን ይጠየቃል።

ልስልሱ አሸዋ ላይ ተመልሳ ገባች፣ ጎማው እስኪቀበር ረገጠች፣ አቆመች። ዘንጓን ያዘች። ሳበቻት። ከመሪው ፊት ለፊት ብርቱካንማ መብራት በራ። ቀስ ብላ ነዳጅ ሰጠች፤ የፊት ግራው አሁንም አሸዋ ይረጫል፣ ይርጭ፤ የኋላዎቹ ግን ነክሰው ያዙና መኪናው ከጉድጓዱ እያቃሰተ ወጣ። ዴልማ እንደ ልጃገረድ ጮኸች። አጎቴ ሜርቭ "በለው!" ብሎ ሻዩን አፈሰሰው።

ደስታዋ ግን አልቆየም። ወደ መኪና ማቆሚያው አስፋልት ወጥታ ስትታጠፍ መሪው ድንጋይ ሆነባት፣ ጎማዎቹ ጮኹ። ዘንጓን መለሰቻት፤ መብራቱ አልጠፋ አለ። ወዲያና ወዲህ አደረገቻት፤ አልጠፋም። "ሰበርኩት አጎቴ! ልክ እንደ ክላይቭ፣ ሰበርኩት!" አለች፤ እንባዋ መጣ።

ሽማግሌው በመስኮቱ ተደገፈ። "ገመድ ተጠማዞ ሲተበተብ ምን ታደርጊያለሽ? ትጎትቺዋለሽ?"

"አይ። ወደ መጣበት እመልሰዋለሁ።"

"እኔ ስለ መኪና የማውቀው ነገር የለም፤ ገመድ ግን አውቃለሁ።"

መሪዋን አቅንታ ቀጥ ብላ ወደ ኋላ ጥቂት ሄደች። ቀጭ አለና መብራቱ ጠፋ። አልተሰበረም፤ ተጠማዞ ተጨንቆ ነበር የያዘው። ከዚያ ወዲያ ደጋግማ ሞከረች፦ አሸዋ ከመግባቷ በፊት ትቆልፋለች፣ ጎማው እየተሽከረከረ ዘንጓን አትነካም፣ አስፋልቱን ከመርገጧ በፊት ትፈታለች።

ለክላይቭ ነገረችው። ዱካውን ሥላ ልታሳየው እንጨት አንሥታ አሸዋ ላይ ስትጭር አላይም አለ። "ያቺን ዘንግ ነካሻት? ዴልማ፣ በእናትሽ! እኔ ነኝ ካምቢዮውን በገዛ እጄ የሰበርኩት፣ አንቺ አይደለሽም። ሁለተኛ ከነካሻት ትራክተሩ በበነጋው ይመጣል።" እንጨቷን ወርውራ ሄደች። ከደነዘዘ ሰው ጋር ምን ያደርጋል፣ ያውም ደግሞ ከዋርሳ!

ወቅቱ ሊያልቅ ሲል አንድ ጥዋት የምዕራቡ ነፋስ ነፈሰ። በማግስቱ አጎቴ ሜርቭ ባርኔጣውን ሲያውለበልብ እንደ ሁልጊዜው አልነበረም፤ ሽማግሌው ይዘላል። ውሃው ከቋጥኙ ሥር እስከ ወዲያኛው ጠቁሯል። ጀልባዋ ገባች፣ ሰው ሁሉ ሮጠ። ዴልማ ጎማዎቿ ሰፍተው አሸዋው ውስጥ እንዳይሰምጡ ነፋሳቸውን ቀደም ብላ አስተንፍሳ ነበር፤ ይኼን ሁሉም ያውቃል። ገመዷን አሰረች፣ ገባች፣ ዘንጓን ሳበች፣ መብራቱ በራ።

ክላይቭ እስከ ደረቱ ርሶ ገመድ እየፈተሸ ሲሮጥ በመስኮቷ በኩል አለፈ። መብራቱን አየ። ክንዱን አስገብቶ ዘንጓን ወደ ቦታዋ መለሰና "ምን ብዬሽ ነበር!" ብሎ ወደ ውሃው ሮጠ።

ዘንጓን መልሳ እንዳትስባት ማን ያዛት? እውነቱን ለመናገር ፈራች። አለቃ ነው፣ የባሏ ወንድም ነው፣ ሃያ ሰው ያያል። ምናልባት ዛሬ አሸዋው ጠጠር ይል ይሆናል ብላ ራሷን አታለለች።

ገመዱ ተወጠረ። ሦስት አራት መኪና ያህል ርቀት ሄደችና የፊት ግራው መሽከርከር ጀመረ።

"ርገጪ!" አለ ክላይቭ ከውሃው ውስጥ። "አትቁሚ! ርገጪ!" መረቡ አጠገብ ያሉት ሴቶችም ወንዶችም ተቀበሉት፤ ዳርቻው በሙሉ ርገጪ ሆነ። በሰሜን ዋረን ወደ ላይ እየወጣ ነው። መረቡ ማዘንበል ጀምሯል። መኪናዋ ወደ አሸዋው ሲሰምጥ በመቀመጫዋ ይሰማታል።

ዴልማ እግሯን አነሣች።

መኪናው ቆመ። የዳርቻው ጩኸት ወደ ዋይታ ተለወጠ። ክላይቭ ገመዱን ለቅቆ ወደ እሷ እየሮጠ ነው፤ በየእርምጃው ይሳደባል፣ ሰው የማይሰማው መስሎት ይሆናል። እሷ ጎማው ጨርሶ እስኪቆም ጠበቀች። እየተሽከረከረ ዘንጓን ብትስባት የካምቢዮውን ጥርስ እንደሚበላው ታውቃለች፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ክላይቭ ሊደርስ ነው። መስኮቱን ዘጋች። ዘንጓን ሳበች። መብራቱ በራ።

ክላይቭ መስታወቱን በመዳፉ ይደበድባል። "ክፈቺ! ዴልማ ክፈቺ! ይኼን ሰው ሁሉ ልታስርቢ ነው!" ወደ እሱ አላየችም። ነዳጁን በእግሯ ጣት ጫፍ ነካ አደረገችው። መኪናው ተንቀጠቀጠ። የፊቱ አሸዋ ረጨ። የኋላው ያዘ። መሄዱን ያወቀችው የክላይቭ ፊት ከመስኮቱ ወደ ኋላ ሲቀር ነው። እየተራመደ ተከተላት፣ መደብደቡን ግን አላቆመም ነበር፤ ከዚያ አቆመ። ዞሮ መረቡን አየ። እየተቃና ነው።

"ቀስ!" ብሎ ጮኸ፣ ድምፁ ተሰንጥቆ። "እንደዚያው! ዋረን፣ ጠብቃት! እሷን ጠብቅ!"

ወደ ላይ ወጣች፣ ገመዱን አስፈታች፣ ውሃው ዳር ወርዳ እንደገና ከመንጠቆው አስያዘች፣ እንደገና ወጣች። የመረቡ ሆድ ዳር ሲደርስ አሸዋው ላይ የወደቀው ዓሣ ድምፅ እንደ ዝናብ ነበር። ሰው ተቃቀፈ። አጎቴ ሜርቭ ከቋጥኙ እየወረደ የማይሰማ ነገር ይጮሃል።

ዴልማ ገመዱ ሲፈታላት መኪናዋን ወደ ጎን ወሰደች፣ ቀጥ ብላ ወደ ኋላ ሄዳ ዘንጓን ፈታች፣ ሞተሩን አጠፋች።  "ሌስ" አለች፣ "አንተ ግትር! ይኼ ነበር? ይኼን ለመንገር ሠላሳ ዓመት አነሰህ?" ተናደደችበት፤ ናፈቃትም፤ ሁለቱንም ባንዴ። አለቀሰች፣ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

በዚያኛው በኩል በሩ ተከፈተ። ክላይቭ ውሃ እየተንጠባጠበ ገብቶ ተቀመጠ። እጅጌውን ጨመቀ።

"አስፋልት ላይ ስለነበርኩ ነው?" አለ በመጨረሻ።

"አዎ።"

"ይኼን ሁሉ ዓመት መኪናውን ስረግም።" ጢሙን አሻሸ። "ለዚያ ለትራክተሩ ሰውዬ አትምጣ ብዬ ልኬበታለሁ። የደቡቡ ጫፍ ያንቺ ነው። እስክትጠይው ድረስ ያንቺ ነው።"

 ዴልማ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

"እስቲ አሳይኝ" አለ ክላይቭ፣ ዘንጓን በአገጩ እያመለከተ። "ጨርሶ አልገባኝም።"

"ይኸውልህ፣ መጀመሪያ መኪናው ይቆማል። ከዚያ እኔ ስስባት እያት" አለችና እጇን ዘረጋች። አጠገቧ የተቀመጠውን ሰው አየችው። ክላይቭ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ቀልሶ፣ እጇን ይመለከታል። ዘንጓን ሳትነካ እጇን መለሰች። በሯን ከፍታ ወረደች፣ በፊት በኩል ዞራ የእሱን በር ከፈተችለት።

"ምነው? ምን አጠፋሁ?"

"ውረድ። ወዲያ ሂድና መሪውን ያዝ።"

"ኧረ ተይ ዴልማ፣ ያንቺ መኪና ነው፤ እዚሁ ሆኜ አያለሁ።"

"በማየት የሚገባ ቢሆን ኖሮ እኔ ሠላሳ ዓመት አይቻለሁ" አለችው። "ተነሥ፣ አንተ ንዳ።"

ክላይቭ ወርዶ ወደ ሾፌሩ በር ዞረ፤ ዴልማ እሱ በለቀቀው ርጥብ መቀመጫ ላይ ተቀመጠች።